ሕጉ ያልከለከለው

ጥቅምት ፲፩ ቀን
ውርጭ። ዳባት እስከ ረፋድ አልሞቀችም። ጠዋት ድጓ አስተማርሁ። ከሰዓት ያርጋል መጣ፤ ከልጅነቱ ያስተማርሁት፣ በእጄ አድጎ የቀሰሰ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሦስት ልጆች ትታበታለች። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። የእጅ መስቀሉን አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው።

«አግብቻለሁ፣ የኔታ። ጽጌሬዳ ትባላለች። ልጆቹ እናት ያስፈልጋቸዋል።»

«ካህን ዳግመኛ አያገባም።»

«አውቃለሁ። መስቀሉን ያመጣሁትም ለዚሁ ነው። ከማኅሌቱ ብቻ አይለዩኝ።»

ክህነቱ ፈርሷል። ከመዘምራን ጋር መቆሙን ግን ሕጉ አይከለክልም። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ቢሆንም... ደቀ መዛሙርቱ አይተው ምን ይማራሉ? እኔስ ያስተማርሁት ሰው ነው ሲባል?

«ከማኅሌቱ እንዳትደርስ» አልሁት።

ጥቅምት ፳፯ ቀን
መድኃኔ ዓለም። ማኅሌቱ ሊፈጸም ሲል ከቅጥሩ ውጭ አንድ ድምፅ ምላሹን ይቀበላል። ያርጋል ነው። ዘበኛውን ገዱን ጠርቼ «አርቀው» አልሁት።

«እሱን አርቀዋለሁ፣ የኔታ። ድምፁንስ በየት በኩል ላስወጣው?»

ካህናቱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ዜማው አንድም ስሕተት አልነበረበትም...

ኅዳር ፰ ቀን
ጽጌሬዳ ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ቆማ ተናገረች።

«ከቤት ከገባ አይናገርም። ልጆቹ ፈርተውታል።»

«ራሱ የመረጠው ነው።»

«እኔ ብሄድ ይመልሱታል?»

«ክህነት አይመለስም፣ ልጄ።»

«ክህነቱን መቼ ጠየቅሁ? ከሰው መካከል ይቁም ነው የምለው።»

ዝም አልሁ። እጅ ነሥታ ወጣች። ዝምታዬን ምን ብላ ተረጎመችው? አትሂጂ ማለት ለምን አቃተኝ?

ኅዳር ፲፬ ቀን
ያርጋል ከደጄ ቆሟል። ትንሿን ልጁን እናናዬን አቅፏል።

«ሄደች፣ የኔታ። ደረስጌ፣ ወንድሟ ዘንድ። እሱን ይመልሱልኝ ብላ ነው የሄደችው። እንግዲህ... ከማኅሌቱ ልግባ?»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ በቀለለኝ። ዓይኔን ወደ መጽሐፌ መለስሁ።

ኅዳር ፲፭ ቀን
ጾም ገባ። ወንጌል ትርጓሜ ላይ፣ ጌታ ከቀራጩ ቤት ለማዕድ ከተቀመጠበት ደረስን። መጽሐፉን ዘግቼ ልጆቹን አሰናበትሁ።

ኅዳር ፳፪ ቀን
ደረስጌ ገባሁ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን በበቅሎ። ከጽጌሬዳ ወንድም ደጃፍ ድንጋይ አንሥቼ በማጅራቴ ተሸከምሁ። በሽምግልና ስንቱን ይቅርታ ጠያቂ ያሸከምሁት እኔ... ክብደቱን እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር።

«ኧረ በማርያም! የኔታን የሚያህል ሰው!» ብሎ ወንድሟ ሊያወርድልኝ ተንደረደረ። እሷ በእጇ ከለከለችው።

«የመጡት እኔ ዘንድ ነው» አለች።

«ሕጉ አልከለከለውም ነበር» አልኋት። «የከለከልሁት እኔ ነኝ።»

«ያን ዕለት ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ ልጆቹን ትቼ እወጣ ነበር?»

ድንጋዩን ራሷ አወረደችልኝ። እያለቀሰች ነበር።

ኅዳር ፳፭ ቀን
አብራኝ ተመለሰች። ያርጋል ከበሩ ላይ ተቀበለን፤ ጉልበቴን ሳመ። እሑድ ከማኅሌቱ ይቆማል። ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበር ለሕዝቡ እኔው እናገራለሁ።

ሁለቱ ትላልቅ ልጆች ሮጠው ጽጌሬዳ ላይ ተጠመጠሙ። እናናዬ ግን ከአባቷ ጋቢ ውስጥ አልወጣም አለች። ያቺ «እማ» እያለች የጽጌሬዳን ቀሚስ ይዛ ትዞር የነበረችው ልጅ...

«ምነው እናናዬ፣ ረሳሻት?» አልኋት።

«አልረሳኋትም። ደግሞ ትሄዳለች።»

ጽጌሬዳ ሰማቻት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ። ይህችን ሕፃን ያስተማርኋት ይህን ብቻ ነው።