ስለ ማዋለጃ ክፍላችንና ስለ ረጅም ዝምታዎ

ለተከበሩ አቶ የኔሰው ፈጠነ
የቀራንዮ ሕዝብ ተወካይ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። በተለይ ስለ ጉሮሮዎ እጨነቃለሁ፤ ምክር ቤት ከገቡ ዘጠኝ ዓመት ሆነዎት፣ እስካሁን ግን አንዲት ጥያቄ ሲጠይቁ የሰማ ሰው አላገኘሁም። እኔ ሌሊሴ ቀጄላ እባላለሁ፤ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ጦር ኃይሎች ታክሲ ማቆሚያ ተራ አስከባሪ በነበሩበት ጊዜ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ነፍሰ ጡር ካዩ «እሷ ትግባ፤ የቸኮለ በእግሩ ይሂድ» ይሉ ነበር። ደፍሮ የሚከራከርዎት አልነበረም። የመረጥንዎት ያንን አንደበት አምነን ነው። እሱን የት እንዳስቀመጡት ቢነግሩን ሄደን እናመጣው ነበር።

፪. ባለፈው ክረምት የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ተዘግቶ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። በወሩ ጎረቤቴን ቦንቱን ምጥ ያዛት። ባሏ ሮቤራ ሚኒባስ ለምኖ አመጣ፤ እኔም አብሬ ተሳፍሬ ወደ ሆስፒታል ጉዞ ጀመርን። ጦር ኃይሎች ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ሕፃኗን የኋላ ወንበር ላይ ተቀበልኳት። የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ሮቤራ እጄን እጄን እያየ «እትዬ ሌሊሴ፣ ትተርፋለች?» ሲለኝ «አላውቅም» አልኩት። በሥራ ዘመኔ ለማንም ባል እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። ሆስፒታል ደርሰን፣ ደም ተሰጥቷት፣ ተረፈች።

፫. በሳምንቱ ከሮቤራ ጋር ቢሮዎ መጥተን ጉዳዩን ምክር ቤት ያነሱልን ዘንድ ለመንንዎት። በታላቅ ትሕትና «እትዬ፣ ይዘነዋል፤ ግን ጊዜው አሁን አይደለም» አሉን። ምጥም ጊዜው እስኪደርስ ቢጠብቅልዎት ኖሮ እንዴት በተመቸዎት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም አይተዋል፤ መድረኩ ላይ ስልክዎን እየነካኩ ካላመለጠዎት። በነዋሪዎች ስብሰባ ማይክሮፎኑን ይዤ ክፍሉ መቼ እንደሚከፈት ጠየቅሁ። ሰብሳቢው «እናት፣ ሰዓት አልቋል፤ ይቀመጡ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ቦንቱ ሕፃኗን እንዳቀፈች ከኋላ ተነሳች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተከተሏት፤ ቀስ በቀስ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። የጮኸ ሰው አልነበረም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቀን ቆርጦ እስኪናገር ድረስ ቆመን ጠበቅን። በሦስተኛው ሳምንት ክፍሉ ተከፈተ።

፬. በመክፈቻው ዕለት ግን አንደበትዎ ተመለሰልዎት። «ይህ የብዙ ዓመታት ትግሌ ውጤት ነው» አሉ። መታገልዎን ሳንሰማ መኖራችን የእኛ ጥፋት ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን።

በመሆኑም በሚቀጥለው ምርጫ በግል ለመወዳደር ወስኛለሁ። «አርፈሽ ጡረታሽን ብዪ» የሚሉኝ አሉ፤ አላርፍም። ዝም ሊያሰኙኝ ካሰቡም ከዚያ ሰብሳቢ የበለጠ ሰው ይላኩ። ወንበሩን እስካሁን አሙቀው ስላቆዩልኝ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው።

ከእንግዲህ ድምፅዋን ለማንም ላለማዋስ ከወሰነች መራጭዎ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ሌሊሴ ቀጄላ
ቀራንዮ

ማስታወሻ፦ ለዕጩነት የሚያስፈልገኝን የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምሬያለሁ። በመጀመሪያ የፈረሙልኝ ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናቸው። «ልጅዎ አይቀየምም ወይ?» ብላቸው «ቢቀየምም ደውሎ ይንገረኝ፤ ድምፁን ከሰማሁት ቆየሁ» ብለዋል።