ውስጥ እንደር ወይስ ውጭ

ከሚሴ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለፈይሩዝ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ? ባለቤትሽ ጀይሉ እንዴት ነው? ልጆችሽ ኢክላስና ሰሀር ሙቀቱ ቀለል አለላቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ማሽላው እየታጨደ ነው። የስፌት መኪናዬም ሳትለግም ትሠራለች። ጎረቤት ሁሉ ደህና ነው፤ ሁሉም ሰላም ብሎሻል።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትዪ ይሆናል። ስንደዋወል እናትሽ ከጎኔ አትለይም። «ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ልጄን ልስማት» ትላለች። እሷ አጠገቤ ሆና የማልናገረው ነገር ስላለ ነው። የሙሐመድዘይን ልጅ ሀዲጃ ወደ ዶሃ ልትመለስ ነው፤ በእሷ እጅ እልከዋለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ነገሩ የጠየቅሽኝ ነው። ሐምሌ ላይ ቢሾፍቱ ተገናኝተን፣ ልጆቹ የውሃ መዝናኛው ውስጥ ሲጫወቱ እኛም ስናያቸው እንድንሰነብት አስበሻል። ማረፊያችን እዚያው መዝናኛው ግቢ ውስጥ ይሁን ወይስ ውጭ ከተማው ላይ ቤት እንያዝ ብለሽ ነበር። ጀይሉ ውስጡን እንደሚመርጥ አውቃለሁ፤ ልጆቹ ከአልጋቸው ተነስተው ውሃው ላይ ናቸው፣ መመላለስ የለም፣ ቁርሱም እዚያው ነው። እናትሽም በስልክ «ውስጥ ይሁን፣ በመስኮት አያቸዋለሁ» ስትልሽ ሰምቻለሁ። አንቺ ግን «አባዬ፣ ለእማዬ ዓይን ሐኪም ጋ አዲስ አበባ ስትሄዱ አንድ ቀን እደሩበትና በዓይንህ አይተህ ንገረኝ» አልሽኝ። ሄድን፣ አደርን ልልሽ ነበር፤ አላደርንም። ያየሁትን ልንገርሽ።

መንገዱ እንደምታውቂው ነው። ሰንበቴ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመና ለፍተሻ ወረድን። ፍተሻው አልቆ ሰው ሁሉ ሲሳፈር እናትሽ አልሳፈርም አለች። «የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ። ነገርኳት። ጥቂት እንደሄድን ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ነገርኳት። ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ አየን። የመንገድ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። አዲስ አበባ ሐኪሙ ጋ ደርሰን፣ በማግስቱ ወደ ቢሾፍቱ ወረድን።

ቦታው፣ ፈይሩዝ፣ እውነትም ያምራል። የሰጡን ክፍል ሰፊ ነው፤ አልጋው ላይ ፎጣውን እንደ ወፍ አድርገው አጥፈው አስቀምጠውታል። እናትሽ እሱን አይታ እንደ ልጅ ሳቀች። በአንድ በኩል የመስታወት በር አለ፤ ወደ ጎን ሲገፉት ይከፈትና በረንዳ ላይ ይወጣሉ። ከበረንዳው ሦስት ደረጃ ወርደሽ ሣር ነው፤ ከሣሩ ቀጥሎ ውሃ። መሐል ላይ አጥር የለም፣ በር የለም። ሰው የሚወደውም ይሄንኑ ነው። እኔም እስከ ከሰዓቱ የአስር ሶላት ድረስ ወድጄው ነበር።

አስር ገባና ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ ለሶላት ቆምኩ። እሷ ቀድማኝ ሰግዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ውጭ የልጆች ጩኸትና ሙዚቃ ነው። ሩኩዕ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ መጋረጃው ሲነሳ በዓይኔ ጥግ አየሁ፤ ነፋስ መሰለኝ። ሱጁድ ወርጄ ቀና ስል ጩኸቱ ጨምሯል፤ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። በረንዳው ላይ ቆማ ይሆናል አልኩ በልቤ። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ግን ምን እየቀራሁ እንደነበር ጠፋኝ። ልጄ፣ በዕድሜዬ ሶላት ቆርጬ አላውቅም። ቆርጬ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ሰው የለም። ጫማዋ ደረጃው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መንገዱ በየአቅጣጫው ነው፤ አንዱ ወደ መንሸራተቻው፣ አንዱ ወደ ሐይቁ፣ አንዱ ወደ ምግብ ቤቱ። ሁሉም ጋ ሰው ነው፤ ሁሉም የዋና ልብስ ለብሷል። በሽርጥና በባዶ እግሬ በመሐላቸው እየሮጥኩ «ዙቤይዳ! ዙቤይዳ!» እላለሁ፤ ሙዚቃው ድምፄን ይውጠዋል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ክንዴን ያዘኝ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ባለቤቴ ጠፋችብኝ።»

«ምን ለብሳለች?»

ይሄን መመለስ አያቅተኝም፤ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቡናማ ነው፣ እጀታው ላይ ቢጫ ጥለት አለው፣ ሻሿ አረንጓዴ ነው አልኩት። በመገናኛ ሬዲዮው ተናገረ።

«ስልክ ይዛለች?»

«አልያዘችም።»

«ሰው ስሟን ቢጠይቃት ትናገራለች? የክፍላችሁን ቁጥር ታውቀዋለች?»

ለጎረቤት፣ ለወንድሜ፣ ለአንቺ ያላልኩትን ለማላውቀው ሰው ልል ነው።

«እንደ ቀኑ ነው» አልኩት።

የጥበቃው ልጅ ገባው። «ይከተሉኝ» ብሎ መሮጥ ጀመረ።

አንድ ትልቅ ገንዳ አለ፤ በየጊዜው ጡሩምባ ይነፋና በማሽን ማዕበል ይሠራሉ። ጡሩምባው ሲነፋ ልጆቹ ሁሉ እልል እያሉ ይገባሉ። ያን ጊዜ ተነፋ። ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ሲጎርፍ በመሐላቸው አረንጓዴ ሻሽ አየሁ። ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ገብታለች። ወደ ጥልቁ፣ ማዕበሉ ወደሚነሳበት ነው የምትሄደው። ትጮኻለች። ስቀርብ ነው የሰማሁት።

«ፈይሩዝ! ውጪ! ቦርከና ሞልቷል! ፈይሩዝ!»

ያኔ ትንሽ ነበርሽ፣ ታስታውሺው ይሆን? ላይ አገር ዘንቦ የቦርከና ወንዝ ድንገት ሞልቶ ሲመጣ፣ አንቺ ከልጆች ጋር እግርሽን ነክረሽ ትጫወቺ ነበር። እናትሽ ከነልብሷ ገብታ በክንድሽ ጎትታ አወጣችሽ። ያ ቀን አልፏል ብዬ ነበር እኔ። ለእሷ አላለፈም።

ማዕበሉ መታትና ወደቀች። ስትነሳ አንዲት ትንሽ ልጅ ክንድ በእጇ ይዛለች፤ ኢክላስን የምታክል፣ ቀይ የዋና ልብስ የለበሰች። ልጅቷ ፈርታ ታለቅሳለች። እናትሽ ወደ ዳር ትጎትታታለች። የልጅቷ እናት ከዳር ሆና እሪ አለች፤ «ልጄን! ልጄን ልቀቂ! ሰው የለም ወይ?» ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ልጅ ልትሰርቅ ነው» አለ፤ ሌላው «እብድ ናት፣ አትጠጓት» አለ። አንድ ጎረምሳ እጇን ሊያስለቅቅ ሲጠመዝዛት አየሁ።

መዋኘት አልችልም፤ ታውቂያለሽ። ገባሁ። ውሃው ደረቴን እየመታኝ ወደ እሷ ሄድኩ። የነፍስ አድን ሠራተኛዋ ፊሽካ ትነፋለች፣ «ማሽኑን አቁሙት» ትላለች። ደርሼ ጎረምሳውን ገፋሁት።

«ተዋት! እናት ናት! እናት ናት እኮ!»

«ዙቤይዳ፣ ኮቱ» አልኳት፤ ነይ። አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ እኔ የለሁም።

«አንተ ማነህ? ልጄን ውሃ ሊወስዳት ነው፣ አግዘኝ!» አለችኝ።

ይቺ ልጅሽ አይደለችም ብላት እንደማትሰማኝ አወቅሁ። ምን እንዳናገረኝ አላህ ያውቃል። «ፈይሩዝ ወጥታለች» አልኳት። «አባቷ አውጥቷታል፤ ቤት ገብታለች፤ ልብሷንም ቀይራለች። ይቺን እናቷ እየጠበቀቻት ነው፤ ስጪያት።»

«አባቷ ነው ያወጣት?»

«አባቷ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና እጇ ላላ።

ልጅቷን ለእናቷ ሰጡ። ሴትዮዋ ልጇን አቅፋ እኔን ልትሰድበኝ አፏን ከፈተች። እናትሽ ሣሩ ላይ ተቀምጣ የሻሿን ውሃ ስትጨምቅ፣ ደጋግማም «እንኳን ወጣች» ስትል አየቻት። ተወችው። ቆይታ የራሷን ፎጣ ይዛ መጥታ ትከሻዋን አለበሰቻት። «እናቴም እንዲህ ነበረች» አለችኝ ቀስ ብላ። የጥበቃው ልጅ እስከ ክፍላችን ሸኘን። ማንም ክፉ አልተናገረን፤ ቦታውም ጥፋት የለበትም። ለእሷ አልተሠራም እንጂ።

ማታውን እዚያ ማደር አልቻልኩም። ዕቃችንን ይዤ፣ በባጃጅ ያንቺ ሁለተኛ ምርጫ ወደነበረው ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ ፋሪዳ ትባላለች፤ የእኛው አገር፣ የሐርቡ ከተማ ልጅ ናት፣ ቢሾፍቱ አግብታ የቀረች። ከሚሴ ስንላት እንደ ዘመድ ነው የተቀበለችን። እርጥቡን ቀሚስ ተቀብላ ገመድ ላይ ሰቀለችው፤ ለምን እንደረጠበ አልጠየቀችም። ግቢው ግድግዳ አለው፤ በሩ አንድ ነው፣ የብረት ነው። መስጊዱ ቅርብ ነው፤ መግሪብ አዛኑን ሰምተን ሰገድን። ከሰገድን በኋላ እናትሽ ወደ ራሷ ተመለሰች። አይታወቅም እኮ መቼ እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትመለስ። እራት አቅርበን ሳለ ገመዱን አየች።

«የፈይሩዝ አባት፣ ቀሚሴ ለምን ረጠበ?»

«ዝናብ ነካው።»

«በኅዳር?» አለች። ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። «አንተ ውሸት አይሆንልህም። እጄ ላይ የልጅ እጅ ነበር። የማን ልጅ ነው?»

«ከእናቷ ጋ ናት። ደህና ናት።»

«አስለቀስኳት?»

«ትንሽ።»

እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች። ፋሪዳ ምክንያት ፈጥራ ወደ ጓዳ ገባች። እናትሽ ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣ በዚያ ገበያ ላይ ዋጋ ስትቆርጥ በምታውቂው ድምፅ፣ እንዲህ አለችኝ፤

«ፈይሩዝ ስትመጣ እነሱ እዚያ ግቢ ውስጥ ይደሩ። ልጆች ናቸው፣ ተስፋ አድርገዋል። እኔን እዚህ ፋሪዳ ጋ ተወኝ። በሩን ቆልፈው።»

«ዙቤይዳ…»

«ቆልፈው አልኩህ። የልጄን ልጅ ይዤ ውሃ ውስጥ ብገባስ?» አለች። ከዚያ ደግሞ «ለፈይሩዝ እንዳትነግራት። ሥራዋን ጥላ ነው የምትመጣው። ወላሂ በል» አለችኝ።

«ወላሂ በስልክ አልነግራትም» አልኳት። ስልክ ያልኩትን ልብ አላለችውም።

እንግዲህ የጠየቅሽኝ መልስ ይኸው። ውጭ ይሁን፣ ልጄ። እሷ እንዳለችው ተከፋፍለን ግን አይደለም፤ እሷ ተቆልፎባት እናንተ እዚያ ብትሆኑ እኔ የትኛው በር ላይ ልቁም? ሁላችንም አንድ ግቢ እንደር። የፋሪዳ ቤት ይበቃናል። ልጆቹን ጀይሉ ጠዋት በባጃጅ ይውሰዳቸው፣ እስኪጠግቡ ይዋኙ፤ ማታ እርጥብ ፀጉራቸውን ይዘው ይምጡና አያታቸው ታድርቅላቸው። ፎጣ ይዛ መቀመጥ ትችላለች፤ እሱን አልረሳችም። ኢክላስ ብታኮርፍ ቀን ቀን ውሃው የእሷ ነው በያት።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ለዓይኗ ነው ብለንሽ ነበር፤ ዓይኗን አላየም። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቃት፣ የልጆቿን ስም ጠየቃት። ያንቺን ስም ሳታመነታ ነገረችው። ስንወጣ እኔን ብቻ አስቀርቶ ትንሽ አወራኝ። ያለኝን አሁን አልጽፈውም፤ ስትመጪ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናወራዋለን።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ያሰብሽውን በኸይር ይሙላልሽ። ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ፣ ጀይሉንም አላህ ይጠብቅልሽ። የባዳ አገር እንጀራ አይክበድሽ። እናትሽ ባለችበት ቀን ሁሉ ዱዓ ታደርግልሻለች፤ በሌለችበት ቀን እኔ በሁለታችን ስም አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሽ ላብቃ። ሐምሌን አትጠብቂ። ረመዷን ሳይገባ፣ ከቻልሽ ከዚያም ቀደም ብለሽ ነይ። ጀይሉ የልጆቹ ትምህርት ሳይዘጋ ምን አስቸኮለሽ ካለሽ፣ አባቴ ናፍቄዋለሁ በይው። ውሸት አይደለም።

አባትሽ
እንድሪስ