ስለ ታሸገው ፌስቡካችን

ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.
ጎንደር

ለተከበሩ አቶ ሀብተሥላሴ
የጎሕ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማኅተምዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ።

እኔ ፈህሚያ ኸሊል እባላለሁ። የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተማሪ ስሆን፣ ለተግባር ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ተልኬ ስለ ማኅበራዊ ድረ ገጾችና ስለ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የመመረቂያ ጽሑፍ የማዘጋጅ፣ እርስዎም «ያቺ የፌስቡኳ ልጅ» እያሉ የሚጠሩኝ ነኝ። መምህሮቼ ነገሩን በስላይድ አስተምረውኛል፤ በተግባር ምን እንደሚመስል ያሳዩኝ ግን እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አንደኛ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ የፌስቡክ ገጽ ልክፈት ብዬ ስጠይቅዎ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ፈቃድዎ የተገኘው የእርስዎን ፎቶግራፍ ከመጻሕፍቱ ፎቶግራፍ በላይ አደርጋለሁ ካልኩ በኋላ መሆኑን አልዘነጋሁም። ደግሞም ፎቶው ሸጋ ነው፤ ያቺ ቀይ ከረባት ታምርብዎታለች። የገጹ ዓላማ ግን ሌላ ነበር። ከድብ ባሕር ወይም ከኮሶዬ በሚኒባስ የሚመጣ ተማሪ፣ የፈለገው መጽሐፍ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን የሚሰማው ደጃችን ከደረሰ በኋላ ነበር። ገጹ ከተከፈተ ወዲህ ሳይሳፈር በስልኩ ይጠይቃል፤ እኔም መደርደሪያውን አይቼ አለ ወይም የለም እለዋለሁ። ሥራው ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሁለተኛ፣ ስለ መመሪያዎ። የአንባቢ ጥያቄ ሁሉ በወረቀት ታትሞ፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት፣ በእርስዎ ተመርቶ፣ ምላሹም ማኅተም አርፎበት እንዲለጠፍ አዘዙ። በዚሁ መሠረት «ዛሬ ክፍት ናችሁ?» ብሎ ለጠየቀ አንባቢ «አዎን፣ ዛሬ ክፍት ነን» የሚለውን ባለ ማኅተም ደብዳቤ በሳምንቱ ፎቶ አንሥቼ ለጥፌለታለሁ። ደብዳቤው የተለጠፈ ዕለት ግን ዝግ ነበርን። አንዳንድ ሰዎች በደብዳቤው ላይ ላይክ ማድረጋቸው ድጋፍ ይሁን ፌዝ እንዲያጣራ ያቋቋሙት ኮሚቴም እስካሁን እየተሰበሰበ ነው መሰለኝ፤ ሻይና ብስኩት ሲገባ አያለሁ።

ሦስተኛውን ምስጋና የምጽፈው በንዴት ነውና ይቅር ይበሉኝ። ካሣዬ የተባለ የመካነ ብርሃን አንባቢ ፎቶግራፍዎ ሥር «ምነው አያ፣ ፎቶዎስ ሸጋ ነው፤ ሽንት ቤቱ ግን መቼ ነው የሚከፈት?» ብሎ በመጻፉ ገጹ እንዲታሸግ ወሰኑ። የይለፍ ቃሉን ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እርስዎ የኮምፒዩተሩን ክፍል ቆልፈው ማኅተም የተመታበት ወረቀት በሩ ላይ በሙጫ ለጠፉ። ወይ ጉድ! ፌስቡክ እኮ እዚያ ክፍል ውስጥ አይደለም የሚያድረው፤ ይኸው ስልኬ ላይ አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት የፈተና አጋዥ መጻሕፍት ናቸው። ወረቀቱ ላይ ከመቱት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ረስተውት የወጡት ማኅተምዎም እዚያው ነው። የታሸገ ነገር ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከሌለ አይፈታም ብለው የደነገጉት ደግሞ ራስዎ ነዎት። እነሆ ሦስተኛ ሳምንታችንን ያዝን።

አራተኛውን ያለ ሽሙጥ ልናገር። ትርንጎ የምትባል የድብ ባሕር ልጅ አለች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ግንቦት ላይ ትፈተናለች። ዘንድሮ ካላለፈች የሚያስተምራት የለም። የፊዚክስና የሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ እንዳለን ጠየቀችኝ፤ መመሪያዎን ጥሼ ወዲያው «አለ፣ ነይ» አልኳት። እሷ መንገድ ላይ ሳለች እርስዎ ሙጫ ይቀቡ ነበር። መጥታ በመስኮቱ ተመለከተች፤ ሁለቱም መጻሕፍት ከነጀርባቸው ይታያሉ። «አለ ብለሽኝ አልነበር ወይ?» አለችኝ። «አለ» ነው ያልኳት፣ ደግሞም አለ! ጥፋቷን እንኳ ሳታውቅ አንገቷን ደፍታ ወደ መናኸሪያ ተመለሰች።

ያን ቀን ነገሩን ገጹ ላይ ጻፍኩት። ያለ መዝገብ ቁጥር ነው፤ ይቅርታዎን። እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የሚነግዱት ጋሽ አብዱልመናን ልጃቸው የተማረበትን የፊዚክስ መጽሐፍ ከዕቃ ቤት አውጥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ በደባርቅ ሚኒባስ ላኩላት። እሷን አያውቋትም፤ ፌስቡክም የሚያነብላቸው ልጃቸው ነው። አሁን በገጹ ላይ ሰው ለሰው መጽሐፍ መዋዋስ ጀምሯል፣ ለመመረቂያ ጽሑፌም ጥሩ ምዕራፍ ወጥቶልኛል። የሒሳቡን መጽሐፍ ግን ያለው አንድም ሰው አልተገኘም። እሱ የእርስዎ ክፍል ውስጥ፣ ከማኅተምዎ አጠገብ ነው።

በዚህ ሁሉ ለሰጡኝ ትምህርት እያመሰገንኩ፣ ለመንበርዎ ያለኝን አክብሮት ለሙጫዎ ካለኝ አድናቆት ጋር አቀርባለሁ፤

ከደጅዎ የማልጠፋው ልምምድ ላይ ያለሁ ተማሪዎ
ፈህሚያ ኸሊል

ግልባጭ፦
ለገጹ አንባቢዎች
ለትርንጎ፣ ድብ ባሕር
ለመዝገብ ቤት (ገቢ የሚደረግበት ማኅተም ሲገኝ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት «ሀብቴ ጎንደሬው» ከሚባል አዲስ አካውንት በገጹ ኢንቦክስ አንድ ጥያቄ ደርሶናል። ፎቶው ላይ ቀይ ከረባት አለ። ጠያቂው «የታሸገ በር ያለ ማኅተም የሚፈታበት መላ ካለ በምሥጢር ንገሩኝ» ይላሉ። ምላሹ ላይ የሚያርፍ ማኅተም ስለሌለ በመመሪያው መሠረት መልስ ሊሰጠው አይገባም ነበር። ነገር ግን የትርንጎ ፈተና ስለደረሰ፣ መመሪያውን አንድ ጊዜ ደግሜ ልጣስና ልመልስ፦ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ያለው ደግሞ ወረቀት ነው ጌታዬ፤ ይቀደዳል።