አባትህ አዝምሞ ያቆመው ፎቅ

ሞስኮ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1951

ሮድያ ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቶምስክ ገና በረዶው አልለቀቀም ይሉናል፤ ሹራብህን አታውልቅ። ይህን በፖስታ አላክሁትም፤ የባቡሩ አስተናጋጅ በእጅህ ትሰጥሃለች። አንብበህ ስትጨርስ ምድጃ ውስጥ ጨምረው።

ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም። ባለፈው ወር በጋራው ማድቤት የጎመን ሾርባዬን ሳማስል፣ ጎረቤታችን ካፒቶሊና የማታውን ጋዜጣ ይዛ ገባች።

«ዚናዬ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥተሽ የለም እንዴ?»

«ምን አድርጌ?»

«አንቺማ ምን ታደርጊያለሽ። ባልሽ ነው እንጂ።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ፍቺ የሚጠይቁ ሰዎች ስም በሚወጣበት ቦታ፣ የአባትህ የአርሴኒና የእኔ ስም ታትሟል። ክው አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው፣ ትንፍሽ ሳይል! ካፒቶሊና ደግሞ «ልጅ እግር አግኝቶ ይሆናላ» ብላ በቁስሌ እንጨት ሰደደችበት።

ሽርጤን ሳልፈታ አባትህ በመሐንዲስነት ወደሚያሠራው ረጅም ፎቅ በረርኩ። ገና እንዳየኝ ይዞኝ መንገዱን ተሻገረና የግንበኞቹን የክር መለኪያ፣ ቱምቢውን፣ አንጠልጥሎ «በክሩ በኩል እዪው» አለኝ። አየሁት። ያ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ዘሟል።

«ጠማማ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። እኛው ነን ያዘመምነው።»

ለካ ከአንድ ጎኑ ሥር የምድር ውስጥ ባቡር መግቢያ ስለሚቆፈር፣ አፈሩ እንዳይናድ በቧንቧ አቀዝቅዘው ድንጋይ አድርገውታል። የቀዘቀዘው መሬት ሲቀልጥ ሕንጻው በአንድ ወገን ይሰምጣል። ስለዚህ አስቀድመው ወደ ሌላው ወገን አዘመሙት፤ መሬቱ ሲቀልጥ ራሱ ቀጥ ይላል ብለው።

«ቀጥ ባይልስ?»

«ስሌቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አሻጥረኛ ይሉኛል። አንቺ ግን የአሻጥረኛ ሚስት አትሆኚም፤ ሮድያም ከትምህርቱ አይባረርም። ጥሏቸው የሄደ ሰው ነው ይባላል፣ በቃ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

እውነቱን ልንገርህ፣ ሌላ ሴት አለመኖሯን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ምን እንደሚጠብቀው የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለብቻው እንዴት ተሸክሞ ይተኛል?

አሁን አባትህ ሰው እንዲያምን የሚያድረው እዚያው ሥራ ቦታ ነው። እኔም ማድቤት ውስጥ ጎረቤት እየሰማኝ እሰድበዋለሁ። ስድቡ አልቸገረኝም፤ እውነትም ተናድጄበታለሁ። ካፒቶሊና አዝናልኝ ኬክ ጋግራ አመጣችልኝ፤ እያለቀስኩ በላሁት።

ማቀዝቀዣዎቹ ተዘግተዋል፤ መሬቱ መቅለጥ ጀምሯል። በየቀኑ በዚያ በኩል አልፋለሁ። አንድ ቀን የተቃና ይመስለኛል፣ በማግሥቱ ደግሞ የባሰበት ይመስለኛል። አባትህን መጠየቅ አልችልም፤ መንገድ ላይ ስንተያይ አንነጋገርም።

ነገ ፍርድ ቤት እንቀርባለን። ዳኛዋ «ትስማሚያለሽ?» ስትለኝ እሺ እላለሁ። ለእኔማ ቢሆን ፎቁ በላዬ ይውደቅ እንጂ እሺ አልልም ነበር። ለአንተ ስል ነው። አንተም ሰው ከጠየቀህ «አባቴ ጥሎን ሄደ» በል። ይከብድሃል፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዲሁ በል።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ፤ አሜን ስትል ግን ድምፅህን ዝቅ አድርግ። በልተህ እደር፣ የኔ ልጅ።

እናትህ ዚናይዳ፣
የአርሴኒ ሚስት