ቤቴ ሐራጅ የወጣበት ሳምንት

ሰኞ
በሩ ላይ የለጠፉትን ወረቀት አልገነጠልኩትም። ብገነጥለው ሐራጁ አይቀር። ስሜ ከነአባቴ ስም በትልቁ ተጽፏል። ስምንት ዓመት አረብ አገር የሰው ቤት ጠርጌ፣ እዚህ ደብረ ታቦር የሠራሁት ቤት ነው። የልብስ ስፌት ሱቄን ላስፋፋ አስይዤው ከብድር ተቋም ተበደርኩ። መንገድ ተዘጋ፣ ጨርቅ ጠፋ፣ ክፍያው ተቋረጠ። አበዳሪዎቹ ሲደውሉ አላነሳም ነበር።
እናቴ ማንበብ አትችልም። ምንድነው ስትለኝ «የመብራት ነው» አልኳት።

ማክሰኞ
የእድራችን ዳኛ አያ ሙላቱ መጡ። ወረቀቱን ቆመው አነበቡት።
«እድር ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ ልጄ?»
«አፍሬ ነው» አልኳቸው።
ለድሃ በነፃ የሚያማክሩ ጠበቆች አሉ፣ ነገ እወስድሻለሁ አሉኝ። ከሄዱ በኋላ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። «ገብቶኛል፤ የመብራት ወረቀት አያስለቅስም» አለችኝ።

ረቡዕ
ጠበቋ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ውሉን እስከ መጨረሻው አነበበችና ክፍያው እንዲራዘምልኝ ማመልከቻ ጻፈችልኝ። ይዤ የምቀርበው፦ ውሉ፣ የከፈልኩባቸው ደረሰኞች፣ ንግድ ፈቃዴ፣ ሁለት ዋስ። አንዱ አያ ሙላቱ ናቸው። ሁለተኛውን ከየት ላምጣ?

ሐሙስ
ጎረቤቴ አስካለ መጣች። በአጥር ተጣልተን ዓመት ሙሉ ተዘጋግተናል። መታወቂያዋን ይዛ ደጄ ላይ ቆመች።
«ዋስ ልሁንሽ። አንቺ ከሄድሽ ከማን ጋር ልጣላ?»
ሳቅሁም፣ አለቀስኩም።

ዓርብ
የብድር ተቋሙ ኃላፊ ቢሮ ስንገባ አያ ሙላቱ ሊናገሩልኝ ነበር። «እኔ ልናገር» አልኳቸው። ያጠፋሁትን አልደበቅሁም። የተማሪ ዩኒፎርም ልሰፋ የተዋዋልኩበትን ወረቀት አሳየሁ፣ በየወሩ የምችለውን ተናገርኩ። ኃላፊው ወረቀቶቹን አገላብጦ አነበበ። ከዚያ ሐራጁ ለስድስት ወር እንዲቆም ፈረመ። አንድ ወር ብዘል ግን ይቀጥላል።
ስንወጣ አያ ሙላቱ በሩን ከፍተው አስቀደሙኝ። ሽማግሌ ሰው እኔን ሲያስቀድም አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ
አንዲት የማላውቃት ሴት ከጋፋት በእግሯ መጥታ ሱቄን አጠያየቀች። እሷም ቤቷ ሊሸጥባት ነው።
«ራሷ ተናግራ ቤቷን ያተረፈችው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።
ገና አልተረፈም። ስድስት ወር ረጅም ነው፣ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ግን ቀና ብዬ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳትና ወንበር ሳብኩላት።