«ዚስ ኢዝ ኤ ቡክ» ስህተት የሆነበት ቀን

ሙሌ የኔ ዓለም፣

አቃቂ ጣቢያ ፉርጎ ለፉርጎ ስታያይዝ መሃል ገብተህ ከቀረህብኝ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ባቡሩ አሁንም በደጃችን እየጮኸ ያልፋል። በፊት ጆሮዬን እይዝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት። ቤቱ ደህና ነው፤ የጓዳው ጣሪያ ተቀይሯል፣ ውሻህ ወልዳለች፣ ልጅህ ማርታ ስምንተኛ ክፍል ገብታ በቁመት በልጣኛለች። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። ተደባደብኩ! አትሳቅ። ከመምህር ጋር፣ ያውም ክፍል ውስጥ። ደስታዬን ለማን ልንገር? ላንተ ነው እንጂ።

የማታ ትምህርታችን ትዝ ይልሃል? መምህራችን አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይጽፍና «ልክ ነው የምትሉ ወደ ቀኝ፣ ስህተት ነው የምትሉ ወደ ግራ!» ይላል። ያወቀ ያላወቀውን በጥፊ ይመታል። ልጅ ያሳደጉ የፋብሪካ ሠራተኞች ተሰልፈው ጥፊ ይቀምሱ ነበር እኮ። እኔ ምሕረት አልነበረኝም፤ አንድ ማታ ባጮልኩህ ጥፊ አፍንጫህ ደምቶ ቱታህ ላይ ተንጠባጠበ። ተራው ያንተ ሲሆን ግን ጉንጬን ዳሰስ አድርገህ ታልፋለህ። መምህሩም «ጥፊ እንዲህ ነው!» እያለ በእኔ ፈንታ አንተን ይለጥፍህ ነበር። ሰው በሽማግሌ ይጋባል፣ እኛ በጥፊ ተጋባን።

ይኸው ያ ጨዋታ ልጃችን ክፍል ድረስ መጣ። ባለፈው ሳምንት ማርታ ብቻዋን ልክ መለሰች። የእንግሊዝኛ መምህሯ «በይ፣ ሁሉንም በጥፊ!» አላት። ከፊቷ የተሰለፈችው ዴስክ የምትጋራት ዓለሚቱ ናት። ማርታ እጇን አጣጥፋ «አልመታም» አለች። መዳፏ እስኪተለተል በጎማ ገረፋትና ወላጅ አምጪ አላት።

በማግስቱ ሄድኩ። በሩ ላይ አቁሞኝ «እናት፣ ዛሬ ወይ ትመታለች፣ ወይ ደብተሯን ይዛ እስከ መጨረሻው ትወጣለች» አለኝ። ያለ ትምህርት ምን ትሆናለች? ልለምነው አፌን ስከፍት ወደ ውስጥ ገብቶ ሰሌዳው ላይ «ዚስ ኢዝ ኤ ቡክ» ብሎ ጻፈና ወደኔ ዞረ፤ «ይቺን እንኳ የሚሳሳት ተማሪ ጥፊ ሲያንሰው አይደል?» አለኝ።

ከዚያ «ልክ ነው የምትሉ ወደ ቀኝ!» አለ። ማንም ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያ ዓለሚቱ ወደ ግራ ሄደች። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ተከተላት። ቀጥሎ ክፍሉ እንዳለ ግራው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ማርታም መሃላቸው። ቀኙ ባዶ! «ዚስ ኢዝ ኤ ቡክ» ስህተት ነው አሉ! ሙሌ ሙት፣ መቺ ጠፋ!

ሰውዬው አበደ። ጎማውን አንስቶ በየመዳፉ ላይ ያወርደው ጀመር። ያለቅሳሉ፣ ወደ ቀኝ የሚሻገር ግን የለም። ማርታ ጋ ሲደርስ እኔም ደረስኩ። ጎማውን ያዝኩ፤ ጎተተ፣ ጎተትኩ፣ ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ነጠላዬ ተቀደደ። አልለቅም ሲል እጁን ነከስኩት። አዎ፣ በጥርሴ! እንደ ልጅ ጮኸ።

ዳይሬክተሩ ሮጦ ሲገባ ጎማው እኔ እጅ ነው። ፖሊስ ይጠራብኛል ስል የልጆቹን እጅ እየገለጠ አየ። ከዚያ «ማርታ፣ ቦታሽ ተቀመጪ፤ የሚያስወጣሽ የለም» አላት። መምህሩንም ጎማ ይዞ ክፍል እንዳይገባ ከለከለው።

የፊታችን እሑድ መታሰቢያህን ሳደርግ ያን ክፍል በሙሉ ጠርቻለሁ። እናትህ «ሕፃን ምን ያውቃል ብለሽ ነው?» ብለው አጉረመረሙ፤ ዘንድሮ እምቢ አልኳቸው። የልጆቹ መዳፍ ገና አብጧል፣ እንጀራ መቁረስ አይችሉም። እኔ እየዞርኩ አጎርሳቸዋለሁ። በእያንዳንዱ ጉርሻ ስምህን እጠራለሁ፣ እነሱም አፋቸው እንደሞላ «ነፍስ ይማር» ይሉልሃል።