የቀድሞ ሥራ፦ ፖሊስ

ደ/ብርሃን፣ ሰኞ ኅዳር ፩ ቀን ፶፮ ዓ/ም፣ ማታ

አሁንም ያችው ገጽ። «የአጥኚዎቹ የቀድሞ ሥራ» ትላለች ርእሷ። ጀምሬ ቀደድኩ፣ ጀምሬ ቀደድኩ። የቡድናችን መሪ አቶ ሰይፉ ነው ይህን ያመጣው። የፍ/ቤት አሠራር ልናጠና ሦስት ሰዎች ተልከናል፤ ሪፖርቱ ገና ሲከፈት እያንዳንዳችን ከየት እንደመጣን ይጻፍ አለ። የሱ ቀላል ነው። ባሕር ማዶ ሕግ ተማረ፣ ተመለሰ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የመሪጌታ አስራትም ቀላል ነው። ከቅኔ ቤት ወጥተው በአንድ ባላባት ችሎት ጸሐፊ ነበሩ፤ ፍትሐ ነገሥቱን በቃላቸው ያወርዱታል።

የኔስ? ፖሊስ። ምርመራ ክፍል። ሃምሳ አለቃ። አሥራ ሁለት ዓመት።

አቶ ሰይፉ ይህን አትጻፍ አለኝ። «የአስተዳደር ልምድ ያለው» በል፤ ፖሊስ ከተባለ ባለጉዳይ አፉን አይከፍትም። መሪጌታ ሰምተው ሳቁ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፣ አሉ። ሽማግሌ ባይሆኑ በጥፊ ነበር የምላቸው።

እንግዲህ ደብተሬ፣ ለጊዜው አንተ ብቻ እወቅ።

ረቡዕ ኅዳር ፫

ብርድ። እስክሪብቶ አያስጨብጥም። የፍ/ቤቱ ግቢ ጋቢ በተከናነበ ባለጉዳይ ሞልቷል። ጠዋት ሁለት የመሬት ባለጉዳዮች ተደባደቡ፤ ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅዬው የታናሹን ግንባር በዱላ ከፈለው። ደሙ በብርዱ ይጨሳል። አቶ ሰይፉ ፊቱን አዞረ። መሪጌታ አማተቡ። እኔ የጻፍኩት በሩ ላይ ፈታሽ አለመኖሩን ነው።

ከቀትር በኋላ አንድ የበሬ ሌባ ተገረፈ። ፍርድ ነው። ገራፊው ሥራውን አያውቅም። ጅራፉ ወገብ ላይ ያርፋል፤ ኩላሊት ነው የሚያፈርሰው። ከፍ አድርግ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አቶ ሰይፉን አጥሩን ተደግፎ ያስመልሰዋል።

ማታ የጻፍነውን አነበብን። አንድ ግቢ፣ አንድ ቀን። አቶ ሰይፉ ስለ ቀጠሮ መብዛት ጽፏል። መሪጌታ ዳኛው ባለጉዳይ ሳያስጨርሱ መቁረጣቸውን ጽፈዋል። እኔ ዱላና ጅራፍ። ሦስት የተለያየ አገር ውለን የመጣን ነው የሚመስለው። አፈርኩ። ከነገ ጀምሮ እንደ አጥኚ ነው የማየው። ማልኩ።

አንኮበር፣ እሑድ ኅዳር ፯

በበቅሎ ደረስን። ጭጋግ ነው፤ ገደሉ የት እንደሚጀምር አይታይም። መሪጌታ ኮርቻ ላይ ሆነው ዳዊት ይደግማሉ፤ በቅሎዋ በተንሸራተተች ቁጥር ድምፃቸው ከፍ ይላል።

የመጣነው ለአንድ መዝገብ ነው። ደምሴ የሚባል የዚህ አገር ሰው አየለ የተባለ ጎረቤቱን በግጦሽ ድንበር ገደለ ተብሎ ተከሷል። በዋስ ወጥቶ እቤቱ ተቀምጧል። ጉዳዩ ደ/ብርሃን እየተቀጠረ፣ ምስክር እየተጠራ እየተመለሰ፣ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሟች ወንድም መሣሪያውን ወልውሎ ፍርዱን ይጠብቃል፤ ፍ/ቤቱ ደሙን ካልመለሰለት ራሱ ሊመልስ ነው። ይህን በግልጽ ነው የሚናገረው፣ ስለ አዝመራ እንደሚያወራ ሰው።

ዋናው ምስክር ይማም ነው፤ የአልዩ አምባ ጥጥ ነጋዴ። ተኩስ ሰማሁ እንጂ ሰው አላየሁም ይላል እያሉ አገሩ ሁሉ ያወራል። ስለዚህ የደምሴ ወገኖች አልነኩትም። የኔ ድርሻ እሱን ማነጋገር ነው። ስንት ጊዜ ተጠራህ፣ ስንት ቀን ተጉላላህ፣ ማን አበላህ። ይኸው ነው። አቶ ሰይፉ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀኝ፦ ስለ ግድያው አንዳች ነገር እንዳትጠይቅ።

ማክሰኞ ኅዳር ፱፣ አልዩ አምባ

ዛሬ ደስ ብሎኛል! ቁልቁለቱ ጉልበቴን ቢጨርሰውም ደስ ብሎኛል።

ይማምን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘሁት። ሙቀት፣ ዝንብ፣ የግመል ጩኸት። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ከመናገሩ በፊት ጺሙን ይዳስሳል። ደ/ብርሃን ድረስ ስንት ጊዜ እንደወጣ ነገረኝ። ዳኛ ታመዋል ተብሎ፣ ተከሳሽ ቀረ ተብሎ፣ ጸሐፊ ለቅሶ ሄደ ተብሎ ተመልሷል። ጻፍኩ። ጨረስኩ። ብርጭቆዬን አነሳሁ። ከዚያ እንዴት እንደወጣኝ እንጃ፦ ለመሆኑ ምን አየህ?

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታውን ማን መጀመሪያ እንደሚሰብረው አውቃለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የበላሁበት ነው። ወላሂ፣ ብሎ ጀመረ። ደምሴ ካቡ ሥር ተንበርክኮ ሲጠብቅ አይቷል። የመጀመሪያው ጥይት አየለን ሆዱ ላይ መታው። አየለ እጁን አንስቶ ስለ ማርያም አለ። ደምሴ ቀረብ ብሎ በምንሽሩ አፉ ላይ ተኮሰበት። ይማም ከአህዮቹ መካከል ተጋድሞ ሁሉንም አየ። ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሚስቱ እንኳ አትሰማም።

እንዴት ያለ ቃል! እጄ በራሱ ይጽፋል። ስጨርስ እንደ ደንቡ ከገበያተኛው ሁለት ታዛቢ ጠራሁ፣ ቃሉን ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ይማም ልክ ነው አለ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ቀብቼ አስፈረምኩ። ታዛቢዎቹም ፈረሙ። አንደኛው ደጋ ሰው ነው፤ ጌጡ እባላለሁ አለ። ጨዋ ሰው። አመስግኖኝ ሄደ።

ያው ማታ፣ አንኮበር

ለአቶ ሰይፉ ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ነጣ። ምን አደረግክ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ። መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው የታዛቢዎቹን ስም ብቻ አዩ። ጌጡ የደምሴ ሚስት ወንድም ነው አሉ። በሰፈሩ የማያውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ፣ አሉ ሽማግሌው። አልሳቁም።

ሐሙስ ኅዳር ፲፩

ይማምን ላስጠነቅቅ ወረድኩ፤ ደረስኩ፤ ዘግይቼ። ይማምን የያዙት ጎህ ሲቀድ ነው፣ ጥጥ ጭኖ ሲወጣ፣ መንገዱ ከገደሉ ጋር በሚጠብበት። ሦስት ሆነው ፊታቸውን ሸፍነዋል። ድንጋይ ላይ እጁን ዘርግተው፣ አንዱ ደረቱ ላይ ቆሞ፣ አውራ ጣቱን በማጭድ ቆረጡት። ማጭዱ ዶልዱሟል፤ አንዴ አልበቃም። ከዚያ የአህያዋን ቋንጃ መቱ። አሁን በል ፈርም፣ ብለውት ሄዱ።

ጥጡ መንገድ ዳር ተበትኗል፤ ግማሹ ቀልቷል። አህያዋ አልሞተችም፤ በሁለት እግሯ ልትነሳ ትታገላለች። ጩቤ ለምኜ ገላገልኳት። እጄን በጥጥ ጠረግሁ። ሌላ ምን ነበር?

አቶ ሰይፉ ነገ ጠዋት ወደ ደ/ብርሃን እንመለስ ይላል። እኛ አጥኚዎች ነን፤ በምናጠናው ጉዳይ ውስጥ የገባ ሰው ከጥናቱ ይሰናበታል፤ ደንብ ነው። ፖሊስ ይመርምር አለ። ፖሊስ! ሳቄ መጣ።

ዓርብ ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

አቶ ሰይፉ ተመለሰ፤ እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። መሪጌታ ዓይን ዓይኔን አይተውኝ እሳቸውም በቅሎዋ አነከሰች ብለው ቀሩ። በቅሎዋ ደህና ነች።

ጌጡን ጠጅ ቤት ጓሮ አገኘሁት። ንግሥ ነው፤ ከበሮው ከላይ ይሰማል። አንቄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በጉልበቴ ከጎድኑ በታች መታሁት፣ ትንፋሹ ሳይመለስ ደገምኩት። ሁለት ጥርሱ ወለቀ። እውነቱን ልንገርህ ደብተሬ፦ ደስ አለኝ። እጄ የናፈቀውን አገኘ። የት ቢመታ አጥንት እንደሚሰበር፣ የት ቢመታ ምልክት እንደማይቀር አንዱንም አልረሳሁም።

ጌጡ ደሙን ተፍቶ ሳቀብኝ።

«ምታ እንጂ ሃምሳ አለቃ። ሥራህ አይደል?»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ቀጠለ፤ ቃሉን መስማቴን ማን ይመሰክራል አለኝ። ሌላው ታዛቢ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ አዋሽ ማዶ ገብቷል። እኔ እመሰክራለሁ እንዳትል፣ አለቃህ አፍህን ለጉሞታል አለኝ። ሁሉን ሰምቷል። እውነቱን ነው። ለቀቅሁት። ሸሚዙን ሳይቀር አስተካክዬለት ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ ኅዳር ፲፫

አልዩ አምባ ወረድኩ። የይማም ሚስት በሩ ላይ ቆማ አላስገባም አለችኝ። ሁለት ዓመት አጠገቤ ተኝቶ ያልነገረኝን ላንተ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ነገረህ፤ ምን ቀርቶህ መጣህ አለች። መሬት መሬት አየሁ።

ይማም ራሱ ወጣ። እጁ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ትኩሳት አለው፣ ከንፈሩ ደርቋል። አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጠሮው ረቡዕ ደ/ብርሃን እንደሆነ ያውቃል። ቅር የሚለኝ እንዳይመስልህ፣ ብትቀር ማንም አይፈርድብህም አልኩት። ጺሙን በግራው ዳሰሰ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ግራው አለኝ» አለ። «ታዛቢ የጠሩት ግን እርስዎ ነዎት። ያነበቡትም እርስዎ ነዎት። እኔ ያየሁትን ስናገር፣ እርስዎም ያደረጉትን ይናገሩ። አለዚያ እኔም አልወጣም።»

እሱ ካልወጣ ደምሴ ነጻ ነው። ደምሴ ነጻ ከወጣ የሟች ወንድም ምን እንደሚያደርግ ነግሮናል። ከዚያ የደምሴ ልጆች፣ ከዚያ የነዚያ ልጆች። ሁሉም ከኔ አንዲት ጥያቄ።

አስቤ እመለሳለሁ አልኩት። ፈሪ።

እሑድ ኅዳር ፲፬፣ አንኮበር

ከአቶ ሰይፉ መልእክት መጣ። በሦስት ቀን ውስጥ ካልተመለስክ ስምህ ከጥናቱ ይሰረዛል። ያችንም ገጽ ራሱ ጽፎ ልኮልኛል፣ ፈርም ብሎ። «የአስተዳደር ልምድ ያለው»። ጽሕፈቱ ያምራል።

ይህን ሥራ ስወደው! ደብተሬ፣ ታውቃለህ። ሰው ሳይፈራኝ አጠገቤ የተቀመጠው በዚህ ሥራ ነው። ሌላ የለኝም። ፖሊስ ቤት አልመለስም፤ ቢቀበሉኝም።

ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ብዙ አልመከሩኝም። ዳኛ ምስክር ሲቀርብለት መጀመሪያ ምን ይጠይቃል? አሉኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ አልኩ። እህ፣ አሉ፣ ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ሰኞ ኅዳር ፲፭፣ ማለዳ

ገጹን ጨረስኩት። የሱን ሰርዤ ከሥሩ ጻፍኩ። የቀድሞ ሥራ፦ ፖሊስ፣ ምርመራ ክፍል። ይማም የተባለውን ምስክር ያለ ሥልጣኔ መርምሬ ቃሉን በአደባባይ አንብቤያለሁ። ሰሚው ጌጡ ነበር፤ የጠራሁት እኔ ነኝ። ጌጡንም ደብድቤያለሁ። ፈረምኩ። ረቡዕ ችሎት ላይ ይህንኑ በአፌ እናገራለሁ፤ ከዚያ ያሰናብቱኝ፣ ቢፈልጉም ይሰሩኝ።

ትናንት እናገራለሁ ብዬ ልኬበት ነበር፤ ይማም ከነሚስቱ ደርሷል፤ ደጅ ናቸው። እሷ አላየችኝም፤ ግን መጥታለች። መሪጌታ በቅሎዋን ጭነው ጥላቸውን ይዘው ቆመዋል። የት ነው ብላቸው፣ ደንቡ ሁለት ታዛቢ ይላል፣ አንዱ ሸሽቷል አሉ አይደል፣ አሉኝ።

አንድ እረኛ ልጅ ከዳገቱ እየሮጠ መጣ፤ መንገዱ ገደል ላይ በሚጠብበት ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ጠመንጃ ይዘዋል አለ። ሌላ መንገድ የለም። እኔ መሣሪያ የለኝም፤ አልፈልግምም፤ እጄን አላምነውም። ከፊት እኔ ነኝ የምሄደው፣ ይማም ከኋላዬ። ሥራህ ምንድን ነው ቢሉኝ እዚያው መንገዱ ላይ ጀምሬ እላለሁ፦ ምስክር። እነ መሪጌታ እየጠሩኝ ነው።